የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው

«በጀት የለም።» በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የዚህችን ሐረግ ያህል ጥያቄ የገደለ፣ ስብሰባ ያሳጠረ፣ ኃላፊን ከኃላፊነት ያዳነ ነገር አላውቅም። ባለፈው ዓመት በአንድ ስብሰባ ላይ ለእኔም ደረሰችኝ። ጥያቄዬ ቀላል ነበር፤ በተማሪዎች ማደሪያ፣ በምግብ ቤት፣ በምክር አገልግሎትና በተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ስለ ሥራቸው፣ ማለትም ስለ ተማሪ፣ የሚያስተምር ሥልጠና ስለምን አይኖርም? «ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን በጀት የለም» ተባለ። በዚያው ወር በርከት ያሉ ኃላፊዎች «የተማሪዎች አገልግሎትን ስለማዘመን» ሊመክሩ ወደ አንድ የመዝናኛ ከተማ ወርደው አምስት ቀን ተቀመጡ። አዳራሽ ተከራዩ፣ ነዳጅ ተቀዳ፣ የውሎ አበል ተከፈለ፣ የስብሰባው ርእስ የታተመበት ቦርሳ ታደለ። ከሄዱት መካከል ግን በማደሪያ ሕንፃ ውስጥ ከተማሪ ጋር የሚውልና የሚያድር አንድም ፕሮክተር አልነበረም።

«አገር እንዲህ በምትታመስበት ዘመን ስለ ፕሮክተር ሥልጠና ትጽፍልናለህን?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አዎን፣ እጽፋለሁ። ይህች የምትታመስ አገር ልጆቿን ከየማዕዘኑ ሰብስባ በአንድ ጣሪያ ሥር የምታሳድርበት ቦታ ቢኖር የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ነው። በዚያ ጣሪያ ሥር ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ መንግሥትንም፣ ዩኒቨርሲቲውንም፣ ወላጅንም ወክሎ የሚገኘው ሰው ሚኒስትሩ አይደለም፤ ፕሬዚዳንቱም አይደለም፤ መምህሩ እኔም አይደለሁም። ፕሮክተሩ ነው። ለዚህ ሰው ምን አስተምረነዋል?

ያየሁትን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ (ስሙን አልጠራም፤ ሌላው ከዚህ ይሻላል ብዬ ስለማላምን ስሙን መጥራት ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል) አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አጋማሽ ከክፍሌ ጠፋ። እኔ በስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» እያልሁ ምልክት አደረግሁ። ሦስት ሳምንት ምልክት አደረግሁ። የመጨረሻ ፈተና ሲደርስ አልመጣምና ኤፍ ሞላሁለት። ሌሎቹም መምህራን እንዲሁ ሞሉለት።

በዓመቱ ልጁ ተመልሶ መጣ። አባቱ ሞተውበት ነበር። መርዶው በስልክ ደርሶት አራት ቀን ከአልጋው ሳይነሣ ከቆየ በኋላ በአምስተኛው ቀን ንጋት ላይ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ አገሩ ሄዷል። የሄደው ዊዝድሮዋል ሳይሞላ፣ ክሊራንስ ሳያስፈርም ነው። ሬጅስትራር ዘንድ ያለው መዝገብ የሚያሳየው አንድ መንፈቀ ዓመት ሙሉ ኤፍ ያገኘ፣ ስለዚህም በአካዳሚክ የተባረረ ተማሪ ነው። ቅጹን ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ካቋረጠበት ይቀጥል ነበር። አንድ ገጽ ወረቀት ናት፤ ለመሙላት ከሩብ ሰዓት አትበልጥም።

የሕንፃውን ፕሮክተር ፈልጌ አገኘኋቸው። በአምሳዎቹ የሚገኙ ሴት ናቸው። ልጁን በደንብ ያስታውሱታል። አራቱንም ቀን ሻይ ወስደውለታል፤ ሊሄድ ሲል አልቅሰው ከቀሚሳቸው ኪስ የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጥተው ሸኝተውታል። ስለ ዊዝድሮዋል ግን ሰምተውም አያውቁም። «ዶክተር፣ እኔ ስቀጠር ያሳዩኝ ቆጠራ ነው» አሉኝ። «ስንት ፍራሽ፣ ስንት ሎከር፣ ስንት ቁልፍ። እሱን ደግሞ አንድም ዓመት አጉድዬ አላውቅም።»

እውነታቸውን ነው። ንብረት ክፍል ሄጄ ባጣራ እርግጠኛ ነኝ አንዲት ትራስ አትጎድልም። የጎደለው አንድ ተማሪ ነው፤ እርሱ ደግሞ በማንም ሞዴል ላይ አልተመዘገበም።

ጥፋቱ የማን ነው? የእኚህ ደግ ሴት አይደለም። ከእርሳቸው ይልቅ የእኔ ነው፤ ዶክትሬት ይዤ፣ የተማሪ አማካሪ ተብዬ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወረቀት ላይ ምልክት ከማድረግ በቀር «ይህ ልጅ ወዴት ሄደ?» ብዬ ወደ ማደሪያው ስልክ አልደወልሁም። ከሁለታችንም ይልቅ ግን ጥፋቱ የተቋሙ ነው። ሁለት ሰዎች አንዱ ሕጉን እያወቀ ልጁን ሳያይ፣ ሌላይቱ ልጁን እያዩ ሕጉን ሳያውቁ፣ አንድ ቀን እንኳ በአንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጧቸው አያውቅምና።

«ፕሮክተሮች ሠልጥነዋል» የሚል ኃላፊ ካለ አልዋሸም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ያልሠለጠኑት ነገር የለም። ቢፒአር መጣ፤ ሠለጠኑ። ቢኤስሲ መጣ፤ ሠለጠኑ። አንድ ለአምስት ተደራጁ ተባሉ፤ ተደራጁ። ካይዘን መጣ፤ ብርድ ልብስና መጥረጊያ በየፈርጁ ማስቀመጥ ተማሩ። ይህን ሁሉ ዓመት የአዳራሹ ርእስ «ውጤታማነት»፣ «ስትራቴጂ»፣ «የለውጥ ሠራዊት» ሲሆን ቆየ እንጂ «ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አንዲት ተማሪ ራሴን ላጠፋ ነው ብትልዎ ምን ያደርጋሉ?» ተብሎ የተጠየቀበትን ቀን አልሰማሁም። ማየት ለተሳነው አዲስ ገቢ ሕንፃውን እንዴት እንደሚያለማምዱት፣ የተደፈረች ተማሪ ልብሷን ሳታጥብ የት ሄዳ መመርመር እንዳለባት፣ የሚጥል በሽታ የያዘውን ልጅ ክብሪት ከማሸተት ይልቅ በጎኑ አስተኝቶ መጠበቅ እንደሚሻል የነገራቸው የለም። እነዚህ የሊቅ ነገሮች አይደሉም። እያንዳንዳቸው በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቁ ትምህርቶች ናቸው።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ ሐሜት አያመልጥም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 ተቋማት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ምቹ እንዲሆኑ ሲያዝዝ «በተቻለ መጠን» የምትል ማምለጫ አበጅቶ ነበር። በእርሱ እግር አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተተካ። አዋጁ ይለዋወጣል፤ አዋጁን ማደሪያ ድረስ የሚያደርሰው ሰው ግን አዋጁንም አላነበበም፣ ማንም አላነበበለትም።

ስለ ፖለቲካው ዝም ብዬ ባልፍ ይህ ጽሑፍ ግማሽ ይሆናል። ከአንድ ትውልድ በላይ የተማሪው ወገን ፕሮክተርን ያየው እንደ ጆሮ ጠቢ ነው። የተሳሳተበትም የታመነበትም ጊዜ አለ። አገዛዝ ሲለዋወጥ ያልተለወጠው ግን ማደሪያን እንደ ትምህርት ቦታ ሳይሆን እንደ ጸጥታ ቀጣና የማየት ልማድ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ተማሪዎች ከነወላጆቻቸው የሥነ ምግባር ውል እንዲፈርሙ ተደረገ። ብዙም ሳይቆይ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገደሉ፤ ነገሩ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ተመለሱ። የተሰጠው መልስ ፌዴራል ፖሊስን ወደ ግቢ ማስገባት ሆነ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ፖሊስ አያስፈልግም የሚል የዋህ አይደለሁም። ነገር ግን ጠብ ከመግደሉ በፊት በአንድ ዶርም ውስጥ ስድብ ሆኖ፣ ከዚያ የአልጋ ቅያሬ ጥያቄ ሆኖ፣ ከዚያ በግድግዳ ላይ ጽሕፈት ሆኖ ይሰነብታል። ያንን ሁሉ ሳምንት የሚያየው ፖሊሱ ሳይሆን ፕሮክተሩ ነው። ያየውን ለማን እንደሚናገር፣ ሁለት ልጆችን እንዴት አስቀምጦ እንደሚያነጋግር ካልተማረ ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀረዋል፤ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ሪፖርት ያደርጋል። ዝምታም ሪፖርትም ልጆቹን አያስታርቅም።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ፤ የክርክሩ ሁሉ መሸሸጊያ እርሱ ነውና።

በሌላው ዓለም የተማሪ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሙያ ከሆነ ቆይቷል። በአሜሪካ የሙያው ትልልቅ ማኅበራት የተመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1919 እና በ1924 ነው፤ በ1937 ደግሞ የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት ተማሪ አእምሮ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ሰው ሆኖ መታየት እንዳለበት የሚገልጽ፣ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ሰነድ አወጣ። የእነርሱን ጉባኤ ለመካፈል ለምዝገባ ብቻ በመቶ የሚቆጠር ዶላር ይጠየቃል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከሃምሳዎቹ ብር ተነሥቶ መቶን አልፏል። እንግዲህ «እንደነርሱ እንሠልጥን» ካልን በጀት የለም የሚለው መልስ ትክክል ነው። እኔ ግን እንደነርሱ አላልሁም። እንደራሳችን ነው ያልሁት።

ራሳችን ደግሞ መንገዱን እናውቀዋለን። በ1996 ዓ.ም. ገደማ ለመምህራን አሠልጣኞች የሃየር ዲፕሎማ ፕሮግራም፣ በአጭሩ ኤች ዲ ፒ የሚባለው፣ ተጀመረ። በኋላም ወደ ሌሎች መምህራን ተስፋፋ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ አሠልጣኙ የዚያው ተቋም ባልደረባ ነው፤ ሠልጣኞች ሥራቸውን ሳይለቁ በየሳምንቱ ይገናኛሉ፤ የተማሩትን በራሳቸው ክፍል ውስጥ ይሞክራሉ፤ ያጋጠማቸውን ጽፈው ያመጣሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ የምስክር ወረቀት ይቀበላሉ። ሆቴል የለም። አበል የለም። እኔም በጀማሪ መምህርነቴ ወስጄዋለሁ፤ ያን ጊዜ እንዳጉረመረምሁ፣ ለማኅደሬ የሚሆን ጽሑፍም አንዴ ከጓደኛዬ እንደገለበጥሁ አልደብቅም። ሆኖም ዛሬ ክፍል ውስጥ የማደርገውን ጥቂት መልካም ነገር ወደኋላ ብከተለው ከዶክትሬት ትምህርቴ ይልቅ ወደዚያ የሳምንት ስብሰባ ይወስደኛል። በእኔ ዕድሜ ያሉ መምህራን ብዙዎቹ ይህን አይክዱም።

ታዲያ ለመምህሩ የተከፈተው በር ለፕሮክተሩ ስለምን ተዘጋ? ያው ክፍል፣ ያው ጠረጴዛ፣ ያው አሠራር አይበቃምን? በግቢው ውስጥ የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል አለ፤ የሕግ ትምህርት ቤት አለ፤ በብዙዎቹ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ፣ በአንዳንዶቹ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት አለ። የሥነ ልቦና ማስተርስ ተማሪዎች የተግባር ልምምድ ቦታ ሲፈልጉ ከተማውን ያስሳሉ፤ በመቶ ሜትር ርቀት ላይ ያሉት የማደሪያ ሕንፃዎች ግን ትዝ አይሏቸውም። የሕግ መምህሩ የተማሪ መተዳደሪያ ደንቡን በሁለት ሰዓት ሊያስረዳ ይችላል። የክሊኒኩ ነርስ የመጀመሪያ እርዳታን ታስተምራለች። ከሬጅስትራር አንድ ሠራተኛ መጥቶ ያችን አንድ ገጽ ቅጽ ያሳያል። ይህ ሁሉ ሰው ደመወዙን ዛሬም እየበላ ነው። ለማስተማር በተቋቋመ ቤት ውስጥ የራሱ ቤተሰብ ሳይማር መቅረቱን አያቶቻችን በአንድ ተረት ጨርሰውታል፤ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው።

መጽሐፍ የለም የሚልም አይጠፋ። ዩኔስኮ ስለ ተማሪ አገልግሎት ያሳተመው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው መጽሐፍ በነፃ ይገኛል። በአፍሪካ የተማሪ ጉዳይ ላይ የሚያተኩር የጥናት መጽሔት ከ2013 ጀምሮ ያለ ክፍያ ይነበባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሐኪም ላልሆነ ሰው የተጻፈ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ አብዛኛው የሚገኘው በእንግሊዝኛ ነው፤ አንባቢው ደግሞ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ የሚያስብ ሰው ነው። እኛ ባለ ዶክተርነት ማዕርጎች ለማዕርግ ዕድገት ስንል ማንም የማያነብበውን መጣጥፍ በእንግሊዝኛ ስንጽፍ እንከርማለን። ለሕንፃው ዘበኛና ለፕሮክተሩ የሚሆን ሠላሳ ገጽ በሚገባቸው ቋንቋ መጻፍ ግን ነጥብ አያስገኝም። ነጥብ የማያስገኝ ነገር ደግሞ በዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። (እኔም እስከ አምና ድረስ ከእነዚሁ መካከል ነበርሁ።)

የተቃዋሚዎቼን ነጥብ ላንሣ። አንዳንዱ «ፕሮክተሮቹ የትምህርት ደረጃቸው ዝቅተኛ ነው፤ ይህን አይቀበሉም» ይላል። ይህን የሚል ሰው ከእነርሱ ጋር ተቀምጦ አያውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ሲታመም፣ ሲሰክር፣ ሲናፍቅ፣ ሲፋቀርና ሲጣላ ያየች ሴት ስለ ወጣት ጠባይ ከእኔ የተሻለ ታውቃለች፤ የቀራት የምታውቀውን የምታደርስበት መንገድ ነው። ሌላው «ካሠለጠንናቸው ይለቃሉ» ይላል። ይልቀቁ! ባይለቁስ? ሳይሠለጥኑ ሠላሳ ዓመት እንዲቆዩ ነው የምንመኘው?

ከሁሉ የሚከብደኝ ሦስተኛው ክርክር ነው፤ እርሱን በቀልድ አላልፈውም። አንድ የማከብራቸው የቀድሞ ዲን «ልጄ፣ ሥልጠናው ቢሰጣቸውም ደመወዛቸው ያው ነው። ተጨማሪ ኃላፊነት ያለ ተጨማሪ እንጀራ መጫን ግፍ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። በዛሬው የኑሮ ውድነት የፕሮክተር ደመወዝ ምን እንደሚገዛ ከእኔ ይልቅ ሸማቹ ያውቃል። ስለዚህ የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ እንዲሆን አልፈልግም፤ በሥራ መደብ እርከን ላይ የሚቆጠር፣ ለቀጣይ ዕድገት እንደ ነጥብ የሚያዝ መሆን አለበት። ሥልጠናውም ከሥራ ሰዓት ውስጥ እንጂ ከዕረፍታቸው ላይ መቀነስ የለበትም። ይህ ገንዘብ ይጠይቃል? ጥቂት ይጠይቃል። የአንድ የመዝናኛ ከተማ ጉዞን ያህል አይጠይቅም።

ጊዜውም ቢሆን የተመቸ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተሰጠ ወዲህ፣ በዚያ ፈተና ከመቶ ተፈታኝ ከግማሽ በላይ ውጤት ያመጡት ሦስት ያህል ብቻ መሆናቸው ከታወቀ ወዲህ፣ ወደ ግቢ የሚገባው አዲስ ተማሪ ቁጥር ወርዷል። ዶርም ውስጥ እንደ ቀድሞው አልጋ በአልጋ ላይ መደራረብ ቀርቷል፤ እኔ በማውቃቸው ሕንፃዎች የተቆለፉ ክፍሎች አሉ። ከገቡትም ብዙዎቹ በአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም የመጡ፣ «አላለፍህም» የሚለውን ቃል በልባቸው ይዘው የገቡ ልጆች ናቸው። ሥራው ቀለል ባለበት፣ ተማሪው ደግሞ ይበልጥ ሰው በሚፈልግበት በዚህ ወቅት ሥልጠና ካልተጀመረ መቼ ሊጀመር ነው?

እኔ ይህን ሁሉ በደብዳቤ ጽፌ አስገብቻለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት፣ በአንድ መንፈቀ ዓመት አሥራ አራት ጊዜ፣ ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ያለ ምንም ክፍያ ለማስተማር ቃል ገብተን ፈርመናል። የሚያስፈልገን አንድ ክፍል፣ ጠመኔና ፕሮክተሮቹ በፈረቃ እንዲመጡ የሚፈቅድ የሁለት መስመር ማስታወሻ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ሐሙስ ለዚያ ቅጽ ሰጥተነዋል።

ደብዳቤው ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰልኝ። በግርጌው በቀይ እስክሪብቶ «የውሎ አበሉ የስንት ቀን እንደሆነ ተብራርቶ ይቅረብ» ተብሎ ተመርቶበታል። «አበል የለውም» ብዬ ጽፌ በማግሥቱ መለስሁት። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም።